በምላጭ ያጨድኩት ሹሩባ

ይህ ነገር ለሰው የሚነገር ታሪክ መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጠቅላላ ነገሩ አንድ እፍኝ የማይሞላ ሣር ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ የልጅነታቸውን ሲያወሩ አንዷ ከጅብ ማምለጧን፣ ሌላዋ ጎርፍ ሊወስዳት መድረሱን ትናገራለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "እኔ እንኳ ይህን ያህል የሚያስፈራ አልገጠመኝም" ብዬ አልፋለሁ። ውሸቴን ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጥቅምት እስከ ኅዳር የፈራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጻፈውና አንባቢ ይፍረድ።

ልጅ እያለሁ ለእኛ ለመሐል ሜዳ ልጆች ከወራት ሁሉ የሚበልጥብን ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ከነጭቃው ይሄድና ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ይጠራል። ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ ሣሩ ከእግራችን ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይላል፤ ከአፋችን የሚወጣውን ጉም እያየን "ሲጋራ እናጭሳለን" እንባባላለን። ትልልቆቹ "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያሉ ሲቀልዱ እኛ አጥንቱ ባይደርሰንም የባቄላ እሸት አናጣም ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ማሳ ዳር እሳት አንድደን ከነልጣጩ እንጠብሰዋለን። ጣታችንም ከንፈራችንም ጥላሸት ይሆናል፤ ሽታው እስከ ማግስቱ ከሹራባችን አይለቅም።

በዚያ ዓመት በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የሳይንስ መምህራችን ክፍላችንን ጓሳ ወሰዱን። ጓሳ በራሱ ስም የሚጠራ ረጅም ሣር የሞላበት ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚሆን አባቶቻችን በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ "ይከፈት" ያለ ጊዜ ብቻ ይታጨዳል። በዚያ ዓመት ዝግ ነበር። ይህን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ይበልጥ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አባቴ በቀበሌያችን ሰው ተመርጠው ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ ነበሩና። ተራቸው ሲደርስ ዳማ ፈረሳቸውን ጭነው ወጥተው ቀናት ቆይተው ይመለሱ ነበር።

በአይሱዙ ተጭነን ሄድን። ብርዱ ጆሯችንን ሊቆርጠው ደረሰ፤ ግን ማንም ለመቀመጥ አልፈለገም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው፣ ምስር እንደሚለቅሙ ሴቶች፣ ሣሩን በጣታቸው እየመረጡ ይበላሉ። መምህራችን "ዐይናችሁ ይጥገብ እንጂ እጃችሁ እንዳይነካ! አንዲት ሰበዝ እንኳ!" ብለው አስጠነቀቁን።

"መምህር፣ ዝንጀሮዎቹስ ሲግጡ ማን ይቀጣቸዋል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ሂድና አንተ ጠይቃቸው፤ ዘመዶችህ ናቸው" አሉት፤ እስኪደክመን ሳቅን።

ዳቧችንንና ቆሏችንን ከበላን በኋላ እኔና ትርሲት ከቁመታችን በማያንስ ሣር ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ትርሲት አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። ሣሩን ከነሥሩ እንደቆመ ሹሩባ መሥራት ጀመርን። ማን የተሻለች ሙሽራ ታስጌጣለች ነው ውድድሩ።

"የአንቺ ሙሽራ ዝናብ የመታት ዶሮ ትመስላለች" አልኳት።

"የአንቺ ደግሞ ገና ሳትዳር ፈታች!" አለችኝ፤ እውነትም ጫፉ ተፈትቶብኝ ነበር።

እንደገና ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ ወርቅ መስሎ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። ፊሽካ ተነፋ። ትቼው መሄድ አልቻልኩም። ብስበው እምቢ አለ፤ መዳፌን ሸረከተኝ። በኪሴ እርሳስ የምቀርጽበት ግማሽ ምላጭ ነበረኝ። በእሱ ከሥሩ ቆረጥኩና ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት።

"አባትሽ ቢያዩሽ!" አለች ትርሲት።

"አያዩኝም" አልኳት።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለእኔ ግዝት ማለት የዕረፍት ቀን ነበር። እናቴ በወሩ አሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድና በሃያ ዘጠኝ "ዛሬ ግዝት ነው፣ ልብስ አይታጠብም" ትላለች፤ እኛ ደስ ይለናል። ሌላ ትርጉም እንዳለው ያወቅሁት ከጉዟችን በኋላ በነበረው ሁለተኛ እሁድ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ የደብራችን አለቃ መስቀላቸውን ይዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

"የተዘጋውን ጓሳ የደፈረ ሰው አለ" አሉ። "ያጨደ፣ አጭዶም የካደ፣ አይቶም የሸሸገ፣ በቅዱስ ሚካኤል ስም ተገዝቷል! እስከ ኅዳር ሚካኤል ቀርቦ የተናገረ ግን ይፈታል።"

ሕዝቡ "አሜን!" አለ። ከጎኔ የቆመችው እናቴም "አሜን" አለች፤ በገዛ ልጇ ላይ። አለቃው የተናገሩት በብዙ ሸክም ታጭዶ ስለተወሰደ ሣር መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የእኔን ሹሩባ ብቻ ነው።

ትርሲትን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ አገኘኋት።

"እኔ እኮ አላጨድኩም፣ ቆረጥኩ እንጂ" አልኳት።

"ነጭተሽው ቢሆን ደህና ነበር። ያለ ስለት መንጨት ይባላል። በስለት ከሆነ ማጨድ ነው።"

"ምላጭ ማጭድ ነው እንዴ?"

"የማጭድ ልጅ ነው!" አለችና ድንገት ፊቷ ተለወጠ። "ቆይ... 'አይቶም የሸሸገ' ብለዋል እኮ! እኔንም አስገዘትሽኝ! አንቺ መዘዘኛ!"

ሰኞ ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ዴስክ ሄደች።

ሹሩባውን ጓሯችን ያለው የጭድ ክምር ውስጥ ደብቄው ነበር። ሣርን በሣር መደበቅ ያን ጊዜ ትልቅ ብልሃት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጭንቀት መጣ፤ የአባቴ ፈረስ ከዚያ ክምር ነው የሚበላ። ሹሩባውን ቢበላው እሱም ይገዘታል? በየማለዳው አመዳዩን እየረገጥኩ ሄጄ መኖሩን አያለሁ። እናቴ የናጠችው ወተት ቅቤ አልወጣ ሲል "እኔ ነኝ" አልኩ። በጋችን ሲያነክስ "እኔ ነኝ" አልኩ። ጉንፋን ይዞኝ ሳስል "ጀመረኝ" ብዬ አለቀስኩ። ልጆቹ እሸት ሲጠብሱ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ድርሻዬን ግን ለሌሎቹ እሰጥ ነበር።

የባሰው ገና ነበር። ኅዳር እንደገባ አንድ ከሰዓት የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ሽፈራው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። እኔ ውኃ ላቀርብ ማሰሮ ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆሜያለሁ።

"ሣሩ የተጋዘው ከአንተ ጥበቃ ነው" አሉት አባቴን አያ ሽፈራው። "እኛስ አንጠረጥርህም። ግን የሰው አፍ አለ፤ ዐይኑን ጨፍኖላቸው ነው፣ ለራሱም ሳያስጭን አይቀርም ይላል።"

"የሰው አፍ በምን ይዘጋል?" አሉ አባቴ።

"በመሐላ ነዋ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆመህ 'ያጨዱትን አላየሁም፣ ከቤቴም ያጨደ የለም' በል። ያኔ ያበቃል።"

"እምላለሁ! ምን ገዶኝ! ቤቴን የማላውቅ ነኝ?"

ማሰሮውን መሬት አስቀመጥኩት። በእኛ አገር በሐሰት የማለ ሰው ዓመቱን አይደግምም ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አባቴ ሳያውቁ በሐሰት ሊምሉ ነው። እስከዚያ ቀን የፈራሁት ለራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አባቴን ባየሁ ቁጥር፣ ሲበሉም፣ ሲስቁም፣ ፈረሳቸውን ሲያሹም፣ የምገድላቸው እኔ እንደሆንኩ ይታየኝ ጀመር። ብናገር ደግሞ የጠባቂው ልጅ ሌባ ሆነች ተብሎ አንገታቸውን ይደፋሉ። ለእናቴ ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ስለ ቤት ሥራ አወራኋት።

የኅዳር ሚካኤል ማለዳ እንደ ልማዱ የየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ እሳት ተለኮሰ። ኅዳር ሲታጠን ከተማችን በጢስ ትሞላለች፤ ልጆቹ በጢሱ ውስጥ እየዘለሉ ይጮኻሉ። እኔም ሹሩባውን ከጭዱ አውጥቼ እሳቱ ዳር ቆምኩ። ብጥለው በአንድ ደቂቃ ያልቅለታል። ግን "አጭዶም የካደ" የሚለው ትዝ አለኝ። እጄ አልዘረጋ አለ። በዚህ መካከል አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤት ወጡ።

"አባባ፣ አይማሉ!" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አይማሉ። ከቤታችን ያጨደ አለ።"

ሹሩባውን ዘረጋሁላቸው። ተቀብለው አገላበጡት።

"በምን ቆረጥሽው?"

"በምላጭ።"

ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ። ቀበቷቸውን የሚፈቱ መስሎኝ ዐይኔን ጨፈንኩ። "ማን አይቷል?" አሉኝ። "ትርሲት" አልኩ። "እሷንም ጥሪያት" አሉና ተነሡ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲጠብቁ አባቴ መሐል ቆሙ። "ልምል ነበር የመጣሁት" አሉ። "አልችልም። ከቤቴ ያጨደ አለ።"

"ኧረ በሚካኤል!" አለች አንዲት ሴት። አባቴ ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት አቀረቡኝ።

"ስንት ሸክም ነው ልጄ?" አሉ አያ ሽፈራው።

"አንድ ሹሩባ" አልኩ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። "አህያዋ ከብዷት ይሆናል!" አለ አንዱ። እኔ ግን ለቅሶዬን መያዝ አልቻልኩም። አለቃው አልሳቁም። "ዝም በሉ!" አሉ። "ከእናንተ ቀርቦ ጥፋቱን ያመነ የለም፤ ልጅ ጥፋቷን ስታምን ትስቃላችሁ?" እኔንና ትርሲትን ሦስት ሦስት ጊዜ አሰገዱን። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲሉኝ የመስቀሉ ቅዝቃዜ እስከ እግሬ ወረደ። ከዚያ አባቴ ማሉ፤ "ያጨዱትን አላየሁም፤ ከዚች ልጅ ሹሩባ በቀርም የቤቴ ሰው ያጨደው የለም።" ዋናውን አጫጅ ግን ዛሬም አላወቅነውም።

ወደ ቤት ተመልሰን ደጃፍ ስንደርስ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው "ምላጩን አምጪ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። "ከእንግዲህ እርሳስሽን የምቀርጽልሽ እኔ ነኝ" አሉኝ፤ ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስም በካራቸው ይቀርጹልኝ ነበር። ትርሲትም በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ዴስካችን ተመለሰች።

አሁን የምማርበት አገር ቆላ ነው። ጥቅምት ይገባል፣ ይወጣል፤ አመዳይ የለም፣ እሸት የሚጠብስም የለም። ባለፈው ሳምንት ላልመጣች ጓደኛዬ የአቴንዳንስ ወረቀት ላይ ፈረምኩላት። ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ፣ ሳቅሁ፤ ሌሊቱንም ደህና ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ነው ደህና መተኛቴ ራሱ ያስፈራኝ። ያ የልጅነት ፍርሃት ይመለስ አልልም፤ ማንም ልጅ እንደዚያ እንዲፈራ አልመኝም። ግን የአንድ ሹሩባ ሣር ይህን ያህል ይከብዳት የነበረችው ልጅ አንዳንድ ቀን ትናፍቀኛለች። አለቃው መስቀላቸውን ከግንባሬ አንሥተው "ሂጂ ልጄ፣ ተፈትተሻል" ያሉኝ ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር።