በአንድ ተማሪ የቆመ ክፍል

አርሊን ቮስ በኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ የምትኮራው በአንድ ነገር ነበር፤ የእሷ መዝገብ ላይ ባዶ ቦታ አይገኝም። ከተማዋ በአይዋ ግዛት የበቆሎ ማሳ መሀል የተቀመጠች ናት፤ ኮሌጁን ብታነሱባት የሚቀራት ቤተ ክርስቲያን፣ የእህል ጎተራና ነዳጅ ማደያ ነው። አርሊን ራሷ ኮሌጅ ገብታ አታውቅም። የሰው ልጅ ስትመዘግብ፣ ስታስመርቅ ኖረች እንጂ እኔም ልማር የሚል ሐሳብ በልቧ ሽው ብሎ አያውቅም።

ባሏ ዱዌይን ሲሞት ግን ነገሩ ተለወጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎተራው ውስጥ ሠርቶ፣ በመጨረሻ ሳንባው እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨ ነው የሞተው። ሐኪሙ ሲጋራ ነው አለ፤ ዱዌይን ሲጋራ ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጎተራው እኛን አይመለከተንም አለ። ፓስተሩ ጌታ ጠራው አለ። ሦስቱም የየራሳቸውን ተናግረው ወደየጉዳያቸው ሄዱ፤ እሷ ባሏን ምን እንደገደለው ሳታውቅ ቤቷ ቀረች።

ኮሌጁ ለሠራተኞቹ በየመንፈቁ አንድ ትምህርት በነፃ ይፈቅዳል። ብዙዎቹ ዋና ይማሩበታል፣ ወይ የሸክላ ሥራ። አርሊን የጥምር ጥናት የሚባለው ክፍል ገባች፤ ምክንያቷም ከቢሮዋ በላይ ባለው ፎቅ፣ በምሳ ሰዓት መሰጠቱ ብቻ ነበር። በዚያ ክፍል መምህር ብቻውን አይገባም፣ ወጉ ነው። የባዮሎጂው ሎዌል ስታድለርና የታሪኳ ፐርል ዴሚንግ የየራሳቸውን ትምህርት ክፍል ለቀው፣ ለዓመታት እዚህ አብረው አስተምረዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጣል። የዚያ መንፈቅ ርዕስ ረሃብ ነበር፤ ድንቹ በሻጋታ አልቆ፣ የተረፈው እህል ግን ወደ ውጭ አገር እየተላከ ሕዝብ የረገፈበት የድሮ ረሃብ።

«ድንቹን የጨረሰው ሻጋታው ነው» ይላል ሎዌል።

«ከሻጋታው የተረፈውን እህል ማን መርከብ ላይ ጫነው? እስቲ እሱንም በማይክሮስኮፕህ አሳየን» ትላለች ፐርል።

«አንቺ መርከብ ካላየሽ ረሃብ አይታይሽም።»

«አንተ ደግሞ ሰው ስለማታይ ይቀልልሃል።»

ተማሪው ይስቃል። አርሊን ግን ሳንድዊቿን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሐኪሙ፣ ጎተራውና ፓስተሩ እንዲህ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ ቢያቋርጡ ኖሮ ስትል አሰበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየመንፈቁ አንድ አንድ እያለች፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተማረች።

እንግዲህ ጥፋቱ ይሄ ነው። የጥምር ጥናት ተማሪ ሁሉ አማካሪ እንዲኖረው ሌላ ትምህርት ክፍልም ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍሉ የሚሞላበት ሣጥን ግን አንድ ነው። የድሮ አለቃዋ «አማካሪው ያለበትን ክፍል ጻፊና ተገላገይ» ብሏት ነበር፤ እሷም እንዳላት ጻፈች። ባዮሎጂ፣ ታሪክ፣ ነርሲንግ፣ ባዮሎጂ። ለራሷ ብቻ፣ አማካሪ ስላላስፈለጋት፣ ሣጥኑ ውስጥ «ጥምር ጥናት» ብላ ሞላች። ስትጽፈው ደስ ብሏት እንደነበር አልደብቃችሁም።

ተማሪ እየሳሳ ሲመጣ ኮሌጁ ከቺካጎ አጥኚዎች አስመጣ። የየክፍሉን ቁጥር ጠየቁ፤ አርሊን አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ አተመች፣ ሳታየው ላከች። ከወር በኋላ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ዲኑ ብሬንት ካልዌይ የሚዘጉትን ክፍሎች አነበበ።

«ጥምር ጥናት። የተመዘገበ ተማሪ፣ አንድ።»

አዳራሹ ሳቀ። «ማን ይሆን ይሄ ምስኪን?» አለ ከኋላዋ አንዱ። አርሊን ጆሮዋ ድረስ ነደደች።

በሳምንቱ የድሮ የስም መጥሪያዎችን አገላብጣ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ስም ይዛ ዲኑ ቢሮ ገባች። ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ እሷ አንቱ ትለዋለች፣ እሱ አንቺ ይላታል።

«እነዚህ ሁሉ የጥምር ጥናት ተማሪዎች ነበሩ። ሣጥኑ አንድ ስለሆነ እኔ ነኝ ሌላ ቦታ የጻፍኳቸው። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ያርሙልኝ።»

«አርሊን፣ ቦርዱ ድምፅ ሰጥቷል። ባዮሎጂ የተረፈው በነዚሁ ልጆች ቁጥር ነው። እነሱን ወዲህ ሳመጣ ባዮሎጂን ልዝጋልሽ?» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይልቅ ያንቺን እንጨርስ። ደንቡ የተመዘገበ ተማሪ ሳይጨርስ መምህሩን ማሰናበት አይፈቅድም። ሁለት ኮርስ ቀርቶሻል አይደል? ወደ ጠቅላላ ትምህርት ተዛውሬያለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ዲግሪሽን ለገና እጅሽ ላይ አደርገዋለሁ።»

ያኔ ነው የገባት። እሷ እስካለች ክፍሉ አለ።

«አልፈርምም።»

«ምን ሊጠቅምሽ?»

«ልማርበት።»

እናም ለአንድ ተማሪ ክፍሉ ተከፈተ። ፐርል ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፤ በሰው እጅ ባለ እንጀራ እስከ መቼ ትጠብቅ? ለገና ነብራስካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች። ሎዌል ብቻውን ቀረ። አንድ ነገር ይናገርና ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ባዶው ወንበር ዞር ይላል። ማየቱ አንጀት ይበላል። በኋላ አርሊን ራሷ ታቋርጠው ጀመር።

የመጨረሻው ኮርስ አንድ ትልቅ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ስለ ዱዌይን ጻፈች። እርጥብ በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ ከሎዌል ተምራለች፤ የአውራጃውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ መፈለግን ያስተማረቻት ፐርል ናት። ያለ ሻጋታው የትኛውን ወረቀት እንደምትፈልግ አታውቅም፤ ያለ ወረቀቱ ሻጋታው ሻጋታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚያ አንድ የክስ ፋይል ውስጥ የጎተራውን የራሱን ደብዳቤ አገኘች። አቧራው እንደሚገድል ያውቁ ነበር። የአፍ ጭምብልም ገዝተዋል፤ ለጎብኚዎች። በየማክሰኞው የጻፈችውን ለሎዌል ታነብለታለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

በሚያዝያ የቤተ ክርስቲያኑ ራት ላይ የሎዌል ሚስት ኮሪን ምርኩዟን ወንበር ላይ አስደግፋ አጠገቧ ተቀመጠች። እግሯን ቀስ በቀስ እየነሳት ያለ የነርቭ በሽታ አለባት። ባለችበት ያቆማት በየወሩ ሆስፒታል ሄዳ የምትወስደው መድኃኒት ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ በሎዌል የሥራ ጤና መድን የሚመጣ ነው።

«ሥራው ሲያልቅ መድኑም ያልቃል» አለች ኮሪን የድንች ሰላጣዋን እየጎረሰች። «እሱ እንዳይነግርሽ ምሏል። እኔ አልማልኩም።»

ኮሪን መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው መድን እስኪደርስላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አርሊን ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ አንድ ኮርስ እስከ ሦስት ጊዜ መውሰድ ይቻላል፣ ይሄኛው ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ብታልፍ፣ ሁለት ዓመት። ለዲግሪው አሥራ አራት ዓመት ጠብቃለች፣ ከምንም ነገር በላይ ትፈልገዋለች፣ የመመረቂያ ጋዋኗንም አዛለች። ሆኖም የማስረከቢያው ዓርብ ሲደርስ ጽሑፉን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ዱዌይንንም አብራ የቆለፈችው መሰላትና ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

ሰኞ የሎዌል የውጤት ወረቀት መጣ። አንድ ስም፣ ከስሙ ፊት ኤ። ወረቀቱን ይዛ ፎቁን ወጣች።

«ጽሑፍ አልሰጠሁህም።»

«አልሰጠሽኝም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«አሥራ አራት ማክሰኞ አንብበሽልኛል። ጆሮ አለኝ እኮ።»

«ኮሪንስ ሎዌል?»

«ነገርኳት። ያን ሰውዬ ሁለተኛ ጊዜ ብትቀብረው እዚህ ቤት እንዳትገባ አለችኝ።» መነጽሩን አወለቀ። «ፈርቻለሁ አርሊን። በጣም ፈርቻለሁ። ግን ያንን ሰምቼ ወድቃለች ብዬ ከጻፍኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስተምር የኖርኩት ምን ነበር?»

ወርዳ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ኤፍ ብትመታበት ማንም አያይም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም አይቶባት አያውቅም። ያኔ ግን የምትዋሸው በሎዌል ስም፣ በዱዌይንም ላይ ነው። ኤ ብትመታ የኮሪንን መድኃኒት በገዛ ጣቷ ነቀለች ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር ብፈልግላት እኔም አጣሁ። እያለቀሰች ኤ መታች።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ዲኑ ወርዶ እንኳን ደስ አለሽ አላት። በእጁ የሎዌልን የስንብት ደብዳቤ ይዟል። ተማሪ እንዳልቀረ ሬጅስትራሩ ማኅተም ማድረግ ስላለበት፣ አደረገች።

«ወደ ላይ የምትወጪ ከሆነ አድርሺለት» አላት፤ እሱ ስብሰባ ነበረበት።

ወጣች። በሩ ተቆልፏል፤ ላዩ ላይ በሎዌል የተጣመመ ጽሕፈት ብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል። «ኮሪንን ለመድኃኒቷ ወስጃታለሁ። በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ።» አርሊን ጎንበስ ብላ የበሩን ሥር አየችው፣ ደብዳቤው ያልፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በበር ሥር አይገፋም አለችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።