ከአምስተኛው ፎቅ ያልወረደው ሙቀት

ቱዶሲያ ሰው አታማም። ማማቱን እኔ እችልበታለሁ። ቤልትሲ ከተማ ውስጥ፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ባለው አሮጌ ሕንፃ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ፣ ፕሮፊራ ደግሞ አምስተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ላይ እንኖራለን። ከእኔ በታች ያሉት ቤቶች ባለቤቶቻቸው ወደ ጣሊያን ስለሄዱ ተዘግተዋል። ቱዶሲያ ዕድሜዋን ሙሉ ካፖርት ስትሰፋ ኖራ፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ክር በጥርሷ ስትበጥስ እንኳ ድምፅ የላትም። እኔ ትሮሊባስ በሚሉት የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ስለነበርኩ ጩኸት ለምዶብኛል፤ ለሁለታችንም የምናገረው እኔ ነኝ።

እሷና ፕሮፊራ አበልጆች ናቸው። የቱዶሲያን አንድ ልጅ ክርስትና ያነሣችው ፕሮፊራ ናት፤ እኛ ዘንድ ይኼ ከሥጋ ዝምድና ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አንዷ ጥቅል ጎመን ከሠራች ሙሉ ሳህን ወደ ሌላዋ ይወጣል ወይም ይወርዳል። አምና ፕሮፊራ «ሴራሚክ ልቀይር ነው» ብላ ወለሉን ስታስደበድብ ከሰነበተች ወዲህ ግን መውጣቱ ቀረ። «ደረጃው አያድክምሽ፣ እኔ እወርዳለሁ» ትላታለች። እኛም እንዴት ያለች አሳቢ አልን።

የቱዶሲያ ቤት አንድ ክፍል ናት። ባለፈው ክረምት ያቺ ክፍል መብረድ ጀመረች። መስኮቱ ሥር ያለው የብረት ማሞቂያ፣ ፋብሪካው በራሱ እንፋሎት ያሞቀን ከነበረበት ዘመን የቀረ፣ አንድ ሰው የማይነቀንቀው ግዙፍ ነገር ነው። ዛሬ የሚሄድበት የከተማው ሙቅ ውሃ ቢሆንም እኛ እስካሁን «እንፋሎት መጣ፣ እንፋሎት ሄደ» ነው የምንለው። እንግዲህ እንፋሎቱ ለብ ብቻ አለ። የእኔም እንደዚያው፤ ግን እኔ ወፍራም ነኝ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ እቀመጣለሁ። የቱዶሲያ ባል ጋሽ ፓንቴሌ ግን ሳንባቸው የተጎዳ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ብርድ ከነካቸው ማሳል ይጀምራሉ፣ ከጀመሩ ደግሞ አያቆሙም። እኛ እንደ ልማዳችን ከተማውን ረገምን። ቤቱ በበረደ ቁጥር የዚህ አገር ሰው የሚረግመው ማሞቂያ ጣቢያውን ነው፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ የለም።

መላ ያመጣችው ፕሮፊራ ናት። «አበልጄ፣ ወንድማቸው ጋ ገጠር ላኪያቸው። የምድጃ ሙቀት ለሳንባ መድኃኒት ነው» አለቻት። ቱዶሲያ አልቅሳ ላከቻቸው። እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እየሄደች ታያቸዋለች። ሙቀቱ ሲገባ መጥተው ነበር፤ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቤቱ ሲበርድ ደግሞ ሄዱ። «በሰው ምድጃ ጥግ ልሞት ነው እንዴ?» ብለዋታል ሲሄዱ። ይኼን የነገረችኝ ሱሪ እየሰፋች ነው፤ ዓይኗን አላነሣችም።

አሁንም ፕሮፊራ ናት «ያንቺ ብረት ውስጡ ዝጎ ተደፍኗል፣ አውጥተሽ ጣይውና አዲስ አስገቢ» ያለቻት። ቱዶሲያም አመነቻት። አበልጇን ካላመነች ማንን ልታምን ነው?

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው ኤፊም መጣ። ምድር ቤት ወርዶ ውሃውን ዘጋ፣ አፈሰሰ፣ አሮጌውን ብረት ቆራርጦ አወረደ። ውስጡን አየና፣ «እማማ፣ ይኼ እኮ ምንም አልሆነም፣ ንጹሕ ነው» አለ። ማን ይስማው። ቱዶሲያ ነጩን አዲስ ማሞቂያ እያየች ድግስ ያለባት ትመስል ነበር። ጋሽ ፓንቴሌ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በወንድማቸው ልጅ መኪና ሊመጡ ነው። አልጋቸውን ወደ ማሞቂያው አስጠግታ አንጥፋለች።

ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅ ቧንቧው ውስጥ አየር ይቀራል። አየሩ የሚወጣው ከመጨረሻው ፎቅ ነው፤ እኛ ሕንፃ ውስጥ ይኼን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ኤፊም የፕሮፊራን በር ሊያንኳኳ ወጣና ባዶውን ተመለሰ።

«አየሩን ራሴ አስተነፍሰዋለሁ፣ መፍቻውን ስጠኝ ትላለች። ልግባ ስላት ራሴን አሞኛል አለችኝ።»

«ራሷን ያመማት ሴት ቧንቧ ታስተነፍሳለች?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ አትጀምሪ» አለች ቱዶሲያ እየሳቀች። ያን ቀን በጣም ደስ ብሏት ነበር። «ለእኔ ትከፍታለች፣ ኑ።»

ሦስታችንም ወጣን። ፕሮፊራ በሩን ገርበብ አደረገችው። «አበልጄ፣ ቤቱ ተዝረክርኳል፣ ነገ ይሁን።»

«ምን ነገ አለ? ፓንቴሌ አሁን ሊደርስ ነው» አለችና ቱዶሲያ እንደ ወትሮዋ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች። እኛ ሰው ቤት በጫማ አንገባም። በትከሻዋ ገፋ አድርጋት ገባች።

ትንሽ እንደሄደች ቆመች። መጀመሪያ ያመማት መሰለኝ። የምታየው ወለሉን ነው። እኔም ጫማዬን አውልቄ ረገጥኩት። ውሃው ጠዋቱን ሙሉ ተዘግቶ ቆይቶ እንኳ፣ ያ ሴራሚክ አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ፕሮፊራን አየኋት፤ በኅዳር ብርድ ባዶ እግሯን ናት።

ኤፊም ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። «ከማሞቂያው ቧንቧ ጠልፈው ወለሉ ሥር አዙረውታል። ሙቅ ውሃው መጀመሪያ ወደዚህ ነው የሚወጣው፤ እዚህ ሲዞር ውሎ ትርፉ ነው ወደ እናንተ የሚወርደው። አዲሱ ማሞቂያዎ ጌጥ ነው የሚሆነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ዝጋው!» አልኩት።

«መዝጊያ አላደረጉለትም። ሴራሚኩ ካልተሰበረ አይሆንም።»

«ሴራሚኬን? በዚህ ብርድ?» አለች ፕሮፊራ። «እስከ ፋሲካ ታገሡኝ። እግሬን እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ፣ አበልጄ። ትንሽ ብቻ የሚቀንስብሽ ነበር የመሰለኝ።»

ቱዶሲያ ከወለሉ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ በዚያው ቀስ ባለ ድምፅዋ፣ «ገጠር ላኪያቸው ስትዪኝ ታውቂ ነበር?» አለቻት።

ፕሮፊራ ነጠላ ጫማዋን ልትፈልግ ዘወር አለች።

«ታውቂ ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«ለእሳቸውም ይሻላቸዋል ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከሃዲ አልኳት። ክርስትና ያነሣሽውን ልጅ አባት ከገዛ ቤቱ አስወጣሽ፣ ደግሞ ሳህን ይዘሽ እየወረድሽ አብረሻት ታለቅሻለሽ አልኳት። እከስሻለሁም አልኳት፤ እከሳታለሁም። ቱዶሲያ ግን ጫማዋን ልታስር ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለች። ግራና ቀኙን አቀያይራ አጠለቀች። እኔ አስተካክዬ አሰርኩላት።

ስንወርድ መኪናው ደርሶ ነበር። ጋሽ ፓንቴሌ ተላጭተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀምጠዋል። ቱዶሲያ በሩን ከፍታ ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው።

«ሥራው አላለቀም፣ ፓንቴሌ። ዕቃ ጎደለ። ትንሽ እዚያው ቆይልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

ቀና ብለው መስኮታቸውን አዩ። ሻንጣውን ወደ ሆዳቸው ሳብ አደረጉት። የወንድማቸው ልጅ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነው በመስኮቱ ብቅ ያሉት።

«ለአበልጃችን ሰላም በይልኝ» አሏት። «ደግ ሴት ናት። ብቻሽን እንዳትተውሽ አደራ ብሏል በያት።»

እኔ አፌን ስከፍት ቱዶሲያ ክንዴን ያዘችኝ። እንደዚያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም።

«እላታለሁ» አለቻቸው።