በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ

ዛሬ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ስወርድ የለጋ ቅቤ ሽታ ተቀበለኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ወልዳ ተመልሳለች፤ እናቷ አናቷን እየቀባቻት ነበር መሰለኝ። ሌላው ሰው ሲያልፍ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ በሩን ያንኳኳል። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስክደርስ ድረስ በፍጥነት ተራመድኩ። ቅቤ ጠልቼ እንዳይመስልህ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ በሰው አገር አየር ማረፊያ ውስጥ ያደረግኩትን ነገር ያስታውሰኛል፤ እሱን ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን እጸየፋለሁ።

ያኔ እህቴ በሰሜን በኩል ባለ ብርዳም አገር የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ሄዳ ልታርሳት የሚገባት እናታችን ነበረች። እሷን ቪዛ ከለከሏት፣ ለእኔ ሰጡኝ። አራስ ማረስ ይቅርና ገንፎ በወጉ ማገንፋት የማልችል ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሁለት ቀን ስታዝን ቆየችና በሦስተኛው ቀን ቅቤ ፍለጋ ተነሳች።

አቃቂ በሰቃ፣ ቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ስልጤ ባለሱቅ ቅቤ ከአገሩ ያስመጣ ነበር። ለማን እንደሆነ ስትነግረው "እትዬ፣ ለአራስማ ቅቤ አይሸጥም፤ ይውሰዱት" አላት። እናቴ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው፣ በላስቲክ አሰረችውና መልሳ ወሰደችለት። ለስላሳ በሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠላት። የበረራዬ ዕለት ሲወጣ ድንጋይ ሆኗል።

እናቴ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። "ሻንጣ ይጠፋል፤ ይሄ ከእጅሽ እንዳይወጣ" አለችኝ። "ስትደርሺ ልብስሽን እንኳ ሳትቀይሪ አናቷ ላይ አድርጊላት። ብርድ እንዳይገባት።" ቃሊቲን እስክናልፍ ድረስ ቦርሳው ጭኔን ሲያቀዘቅዘኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ አንድም ነገር በሰዓቱ አልሆነም። አውሮፕላናችን አምስት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። መሸጋገሪያው ከተማ ስንደርስ ፍተሻውን አለፍኩ፤ ቅቤው ገና አልቀለጠም ነበርና ማንም ምንም አላለኝም። የእኔ ሁለተኛ በረራ ግን ሄዷል። ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ፊቴን ሳያይ "ቱሞሮ" አለኝ። በማግስቱ ቦታ ሞልቷል ተባልኩ። ስለምን እንደሚቀጡኝ ያልገባኝ ተቀጪ ሆኜ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ከተማው ውስጥ እንዳልገባ ቪዛ የለኝም፤ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥኩ።

እንዴት ያለ የሚያስጠላ ቦታ ነበር። ምንጣፉ የእግርና የፈሰሰ ቡና ሽታ ነበረው። ከጎኔ የነበረ ሰውዬ ካልሲውን አውልቆ ጥፍሩን ይቆርጥ ጀመር፤ አንዷ ቁራጭ ዘላ ቀሚሴ ላይ አረፈች። በኩፖን የሰጡኝ ምግብ የዶሮ ሳንዱች ነው፣ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነበር። የረጋው ስብ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ሳየው ዳቦውን እንኳ መንካት አልቻልኩም። ሻይ ብቻ እየጠጣሁ ዋልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅቤው ተሸነፈ። ፀሐይ በትልቁ መስታወት በኩል ቦርሳዬ ላይ አርፋ ነበር። ኮባው ጠቁሮ ተቀዷል፤ ቅቤው በላስቲኩ ቀዳዳ አልፎ ቀሚሴን አርሶታል። የኮመጠጠ፣ የቆየ ሽታ ነበር። ጠዋት ብስኩት የሰጠችኝ፣ በምልክት ስታጫውተኝ የነበረች ሴት አፍንጫዋን ያዘች። የልጇን እጅ ይዛ አራት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። ልጅቱ አፏን ሸፍና ዘወር እያለች ታየኝ ነበር።

በዚያው ሰዓት የበረራዬ ቁጥር ተጠራ። ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ። ቀሚሴን ባጥበው ቅባቱ ጭራሽ ተዛመተ፣ ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ገባ። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ፤ ከቅቤው ይልቅ ከአቃቂ መምጣቴ፣ እናቴ ቅቤ በቅጠል የምትጠቀልል ሴት መሆኗ አስጠላኝ። ጥቅሉን ከነኮባው አንስቼ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። እንዳይታይም ሶፍት አለበስኩት። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩና ወጣሁ። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚሰቀጥጠኝ መጣሌ አይደለም። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቤቷ ስደርስ እህቴ አልጋ ላይ ነበረች። "መንገዱ እንዴት ነበር?" አላለችኝም። ሻሿን ፈትታ ጸጉሯን እየበተነች "አመጣሽው?" አለችኝ።

"ፈታሾች ወሰዱብኝ" አልኳት።

ሻሿን መልሳ አሰረችና ሕፃኑን አሳየችኝ።

ለእናቴም በስልክ ያንኑ ነገርኳት። ትቆጣለች፣ ትራገማለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "ይውሰዱት እንግዲህ" አለች። "ምናልባት የፈታሹ ሚስት አራስ ትሆን ይሆናል። አለዚያ የሰው ቅቤ ምን ያደርግለታል?"

እናቴ ያን ፈታሽ አልረሳችውም። ልጅ ያላት ሚስት ሰጠችው፣ ልጁንም ከእህቴ ልጅ ጋር እኩል አሳደገችው። የእህቴ ልጅ ጥርስ አበቀለ ሲባል "የዚያ ሰውዬም ልጅ ይሄኔ አብቅሏል" ትላለች። ትምህርት ቤት ገባ ሲባል እንዲሁ። እኔ ሰሃን አነሳለሁ፣ ወይ ስልኬን እነካካለሁ። ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ አውቃለሁ፤ ግን ምን ብዬ? የሌለ ልጅ ከእጇ ልነጥቃት ነው?

የታመመች ጊዜ፣ ሕመሙ ሊጨርሳት ሳምንት ሲቀረው፣ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እግሯን እያሸሁላት ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ ጠራችኝ።

"የዚያ የፈታሹ ልጅ ስንት ዓመት ሆነው?"

"አሥራ አንድ" አልኳት።

"ዕድሜውን ያርዝመው" አለች።

እኔም አሜን አልኩ።