ሎሚና የአብሽ ቅጠል

ከሙምባይ መሀል በሚነሳው የአመሻሽ ባቡር፣ በሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጥግ ይቀመጣሉ። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ሳሪያቸውን ሰብስበው፣ ጭናቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው እርጥብ የአብሽ ቅጠል ይሸመጥጣሉ፤ ዓይናቸው ግን እኛ ላይ ነው።

«አንቺ፣ ገርጥተሻል! ይሄ ደም ይሆንሻል። በነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጊው፤ እንዳታሳርሪው ብቻ።»

ሊወርዱ ሲሉ የሸመጠጡትን ሁሉ ላንዷ ይሰጣሉ። ትናንት ለእኔ ደረሰኝ።

«ለቤትዎስ፣ እማማ?»

«ማድ ቤቱ የምራቴ ነው፤ ድርሽ አልልም።» አረንጓዴ ጣቶቻቸውን በግማሽ ሎሚ ያሹ ጀመር። «እጄ አብሽ ከሸተታት፣ ‹ዛሬ ደግሞ የማንን ማድ ቤት ሲያምሱ ዋሉ?› ትለኛለች።»

ባቡሩ ቆመ። ሌላውን ግማሽ ሎሚ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ስትበዪ ጭመቂበት። ነገ ጣዕሙን ትነግሪኛለሽ።»