የእድሩ ሽቦ

ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው የሰፈራችን እድር ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቅል የመብራት ሽቦ አለው። አለው ልበል እንጂ የአሁኑ ሽቦ ሌላ ነው። የድሮው ቀጭን ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሦስት አምፖል አብርቶ፣ ተጠቅልሎ ይመለሳል። የእድር ንብረት አይቆረጥም፤ ያጠፋ ይተካል። ይህን ሕግ ሰፈርተኛው ከጸሎተ ሃይማኖት እኩል ነው የሚያውቀው።

አክስቴ በሬዎቿን ሸጣ የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ገዛች። ባሏ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ የሚያርስላት የለም፤ ዳቦው ካልተሸጠ ሁለቱም ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ምድጃው መንገድ ዳር ያለው ክፍል ገባ፤ ባሏንም ሙቀቱ ለወገቡ ደግ ነው ብላ እዚያው አስተኛችው። ቆጣሪው ግን ጓሮ ቤት ነው። እኔ ሥራዬ የመብራት ዝርጋታ ነውና "ባለ ስድስት ሚሊ ገመድ ግዢ፣ ወፍራሙን" አልኳት። እጇ ባዶ ነበር። የእድሩን ዳኛ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ደግ ሆኑና ሽቦውን ሰጧት።

ሄድኩባቸው። "ጋሼ፣ ይሄ የአምፖል ሽቦ ነው። ምድጃውን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል።"

"ስንቱን ለቅሶ አብርቷል፣ አንድ ቀን ግሎ አያውቅም" አሉ። "አንተ ገመድ መሸጥ አምሮህ ነው።"

አብረዋቸው የተቀመጡት ሳቁ። ደሜ ፈላ። ይህን ሽቦ እኔ ከምድጃው ጋር አልቀጥልም ብዬ ሄድኩ፤ ሌላ ሰው ቀጠለላት።

ሆዴ እምቢ ሲለኝ ተመልሼ አየሁት። ከቆጣሪው እስከ ምድጃው ደርሶ የተረፈው ሽቦ እንደተጠቀለለ ከዱቄቱ ጆንያ ሥር ተወሽቋል። የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ከተዘረጋው ይብሳል። ልቁረጠው ስላት ፊቷ ተለወጠ።

"የእድር ንብረት? ነገ ማን ሊቀብረኝ ነው?"

ጥቅሉን ፈትቼ ወደ ውጭ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁላት። በማግስቱ ሌባ ይወስድብኛል ብላ ጠቅልላ ከነበረበት መለሰችው።

የገበያ ቀን ነበር። ምድጃው ከማለዳ ጀምሮ አላረፈም። ጥቅሉ ቀለጠ፣ ጆንያው ተያያዘ። አክስቴ ዳቦዋን ይዛ ገበያ ወርዳለች። ጎረቤት ባሏን ጎትቶ ሲያወጣው ጭሱን ጠጥቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

የእድሩ ሰዎች ወዲያው ደረሱ። መቃብር አስቆፈሩ፣ ድንኳን ተከሉ። ከዚያ ዳኛው አክስቴን ጠርተው "ሽቦው ካልተተካ ድንኳኑ ጨለማ ነው፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ" አሏት። የቃጠሎው አመድ ገና ከፀጉሯ አልረገፈም። በዚያች ሰዓት ሰውየውን አንቄ ብገላቸው ደስታዬ ነበር። እሷ ግን "እውነታቸውን ነው" ብላ የአንገቷን የብር መስቀል አውልቃ እጄ ላይ አኖረችው።

"ሸጠህ ጥሩውን ግዛ። የማይቃጠለውን" አለችኝ።

ባለ ስድስት ገዝቼ ራሴ ሰቀልኩት። ሦስቱ አምፖሎች በሩ። ዳኛው ገመዱን በጣታቸው እየዳሰሱ "ይሄስ ለልጅ ልጆቻችን ለቅሶም ይበቃል" አሉ። ደስ ብሏቸዋል።

አክስቴ ከሥሩ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችው።

"ያኔ ግዢ ያልከኝ ይሄን ነበር?"

"ይሄን ነበር" አልኳት።