የዳማው ፈረስ ሁለተኛ ዓይን

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የሰንበት ተማሪ ግድግዳው ላይ ያለውን ስዕል እያሳየችኝ «እማማ፣ ፈረሱ ሁለት ዓይን አለው፣ የተቀመጠበት ሰውዬ ግን አንድ ብቻ... ለምንድነው?» አለችኝ።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ያቺን ዓይን ያስጨመረውን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ወደፊትም እንጃ።

ጊዜው ደርግ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ በኩል ያለች ትንሽ ደብር ነች። አባቴ ሰዓሊዋ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቀለም በጥባጯ። ያን ሰሞን የሚስለው የዮሐንስ ራእይን አራት ፈረሶች ነበር... አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻና ሐመር። ዳማው፣ ማለት ቀዩ፣ ጦርነት ነው። ሰላምን ከምድር ሊወስድ የመጣ፣ ትልቅ ሰይፍ የያዘ ሰው ይጋልበዋል።

እኛ ቤት ግን ጦርነቱ የስዕል አልነበረም። የወንድሜ የደረጀ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ወጥቶ ቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቴ እህል አልቀምስም ብላ ተኝታለች።

አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ከነጫማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘው አለ። አዎ፣ ከነጫማው። አንድ ነገር አመላላሽ «ሰዓሊው ቀይ ሽብርን ግድግዳ ላይ እየሳለው ነው» ብሎት ኖሯል። አባቴ የአባቱ እኩያ ነው፤ እሱ ግን «አንተ» እያለ ያፋጥጠው ጀመር።

ቀይ የአብዮቱ ቀለም ስለሆነ ፈረሱን በሌላ ቀለም ቀይረው አለ። አባቴ ከመሰላሉ ቀስ ብሎ ወረደና መጽሐፉ ላይ ያሉት አራት ብቻ እንደሆኑ አስረዳው። ነጩ ለመጀመሪያው ፈረስ ተይዟል። ጥቁሩ ረሃብ ነው፣ ሐመሩ ደግሞ ሞት። «ከነዚህ የቱ ይሁንልዎ?» ቢለው ሰውዬው ጠባቂዎቹን ገላመጠ። ያኔ ረሃብ የሚባል ነገር ጮክ ተብሎ አይወራማ።

ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው... ቀይ ከሆነ የኛ ነው፣ የኛ ከሆነ ጋላቢውም የኛ ሰው ይሁን አለ። የኛ ሰው ማለት እሱ ራሱ ነው፣ ከነኮፍያው። አሳሳሉንም ያዘዘው እሱ ነው። ቀበሌው በር ላይ እንደተሰቀሉት ሦስት ጺማም ፈረንጆች በጎን ሆኖ፣ ወደ ፊት አሻግሮ እያየ።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ስዕል ቅዱሱም ደጉም ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው የሚሳለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ይህን ያኔ የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር። ጓድ ሽፈራው ግን ደጀ ሰላም ከረገጠ ስንት ዘመኑ።

«በጎን ከሆነ አንድ ዓይንዎ ብቻ ነው የሚታየው» አለው አባቴ። እውነቱን ነው፣ አልዋሸውም።

«ምን ቸገረኝ? እንደነሱ አድርገኝ አልኩህ።»

«ብስልዎ ልጄስ?»

«ስሙን ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ።»

አባቴ በአራት ቀን ስሎ ጨረሰ። የደረጀም ስም ተሰረዘ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽፈራው ጠባቂዎቹን ሰብስቦ አመጣና ስዕሉ ሥር ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ካህናቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ውጪ ወጡ። እናቴም ያን ቀን እህል ቀመሰች።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ደረጀ ሽንኩርት ሊገዛ ሾላ ገበያ እንደወጣ አፍሰው ወሰዱት። አባቴ በሩጫ ቀበሌ ሄደ፣ እኔም ከኋላው። ያ ሰው ከወንበሩ እንኳን አልተነሳም።

«ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ አልኩህ እንጂ ከመንገድ አይታፈስም አልኩህ?»

ለካ አፈሳውን የመራው ራሱ ነው። ኮታው ጎድሎበት። የእጅህን ይስጥህ አልኩት፣ በሆዴ። በአፌማ ማን ደፍሮ... አባቴ ወጥቶ ሄደ።

የሽፈራው እናት ግን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሴትዮ ነበሩ። አንድ እሁድ ስዕሉን አዩትና እዚያው አለቀሱ። ቤት ገብተውም አባቴ ከሰይጣን ቆጥሮ እንደሳለው ለልጃቸው ነገሩት። በማግሥቱ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። እስከሚቀጥለው እሁድ ዓይን ካልጨመርክ ከዚሁ መሰላል ላይ አንጠለጥልሃለሁ አለው። አባቴ «እሺ፣ እጨምራለሁ» ብሎ እኔን ነጭና ጥቁር በጥብጪ አለኝ።

እሁድ ሰው ሲገባ ዓይኑ ተጨምሯል... ለፈረሱ። ፊቱ በጎን፣ ዓይኑ ሁለት። ቁንጅና የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ሁለት ነው።

ሽፈራው ደም ሥሩ ተገታትሮ ምንድነው ይሄ ሲል፣ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለው።

«ዓይን ጨምር አልከኝ እንጂ የማን አላልከኝም።»

አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ አስረው ገረፉት። ካህናቱ ስዕሉን እንዳያስጠፋባቸው ፈርተው መጋረጃ ጣሉበት፤ የተገለጠው ደርግ ሲወድቅ ነው። ደረጀ ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፣ ከዚያ በኋላ ድምፁም አልተሰማም።

አባቴ ከእስር የወጣ ቀን ጀርባውን በሞቀ ውኃ እያጠብኩለት ተቆጣሁት። ለአንድ ፈረስ ብለህ ልትሞትብን ነበር ወይ አልኩት። ትናንት ለልጅቷ የነገርኳትም ያኔ የመለሰልኝን ነው...

«ፈረሱ ምን አጠፋ? እሱንም እንደ ወንድምሽ ለጉመው ነው የወሰዱት።»