ብርድ ልብስ የለበሰው ዙምባራ

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኟ ማናለብሽ ሠርታ የሰጠችው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣባት አትወድም። ያን ቀን እሁድ ጠዋት፣ ልብስ ሰፊው ባቢከር ባለፈው የጠገነችለትን አምፕሊፋየር ታቅፎ ወደ ሱቋ ሲመጣ ገና ከሩቅ አየችው። መፍቻዋን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳች።

«ምነው ጋሽ ባቢከር፣ ድምፁ ደግሞ ተቀደደ እንዴ?»

«ቢቀደድ ይሻል ነበር!» አላት። አፉን የፈታው በበርታኛ ነውና በአማርኛ ሴቱም ወንዱም ለእሱ «አንተ» ነው። «ወላሂ እህቴ፣ አንተ ዙምባራውን ብርድ ልብስ አለበስከው። በአሶሳ ሙቀት!»

ዙምባራ በርታዎች በሠርግ የሚነፉት ረጅም የቅል መለከት ነው። የባቢከር ልጅ ማሪያም ዛሬ ከሰዓት ትዳራለች። ነፊዎቹ ከኩርሙክ ሊመጡ ነበር፤ መንገዱ አላስተማመነምና ቀሩ። በእጁ ያለው አምና በስልክ የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነው። ያለ ዙምባራ መሸኘት ደግሞ ለባቢከር ልጁን በጓሮ በር እንደ ማስወጣት ነው።

ማናለብሽን ጭንቅ ያዛት። ባለፈው ሲያመጣው የግራው ድምፅ እውነትም ይቆራረጥ ነበር። ስፒከሮቹን ግራ ቀኝ አቀያየረች፤ ችግሩ ከግራው መስመር አልተነቃነቀም። ስለዚህ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ክዳኑን ስትከፍት የተሰነጠቀ ብየዳ አገኘችና በየደችው። የራሷ የሙከራ ዘፈን ጠርቶ ወጣ። የባቢከርን ቅጂ ስታጫውት ግን አንድ የሚንጣጣ ሻካራ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ምንጩን ፈለገች። ሲደክማት ቀጭኑን ድምፅ የሚውጥ ትንሽ ካፓሲተር ጨመረችና ሻካራው ጠፋ። ኮርታ ነበር ያስረከበችው።

«እኔ እኮ ያንን ሻካራ ነው ያጠፋሁልዎ» አለች።

«ሻካራው ምን በደለህ? ና፣ እንሂድ!»

በባጃጅ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ለብሰው፣ አጊጠው፣ ዙምባራውን ይጠብቃሉ። የባቢከር ታላቅ ወንድም ዐብዱልቃድር የታወቀ ነፊ ነበር፤ ትንፋሹ ስላጠረ ትቶታል። ነገሩን ሲነግሩት ሳቀ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ዙምባራ አወረደና አንድ ጊዜ ብቻ በማናለብሽ ጆሮ ሥር ነፋው።

ደነገጠች። ያ ሻካራ ነገር የዙምባራው የራሱ ድምፅ ነበር! ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ሠላሳ ሦስት ዓመት ዙምባራ ሰምታለች፤ ግን ሁልጊዜ ከአጥር ማዶ፣ ርቀት አለስልሶት።

«ሰማህ?» አላት ዐብዱልቃድር እያሳለው።

«ሰማሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሶኬቱን ነቀለች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ካፓሲተሩን ቆርጣ ጣለችው። መልሳ ስትሰካው ዙምባራው ነፍስ ዘራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባቢከር በደስታ ድምፁን እስከ ጥግ ጨመረው። ማናለብሽ እጇን አነሳች።

«ቆዩ፣ ቆዩ! ይሄኛው ሻካራ እንኳ የዙምባራው አይደለም!»

«አሁን ደግሞ ምን ልታለብሰው ነው?» ሲል ዐብዱልቃድር ግቢው በሳቅ ሞላ።

አፈረች፤ ጆሮዋ ግን አሁን ለይቷል። የዙምባራው ሻካራ ከትንፋሹ ጋር ይጀምራል፤ ከትንፋሹ ጋር ያልቃል። ይሄ ከበሮ በተመታ ቁጥር የሚቀደድ ነው። ስልኩን አየችው፤ የእሱም ድምፅ ጥግ ድረስ ተከፍቷል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ እየጎረሰ ነው። የስልኩን ቀነሰች፤ የአምፕሊፋየሩንም ከጥጉ ትንሽ መለስ አደረገችው። መቀደዱ ጠፋ፤ የዙምባራው ሻካራ ብቻ ቀረ።

ዐብዱልቃድር ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«እሱ ነው» አለ።

ማሪያም ከጓዳ ወጣች። ጭፈራው ግቢውን አናወጠው። ማናለብሽ «ክዳኑን እስክገጥም አንድ ደቂቃ ላጥፋው» ብትል ማን ይስማት!

«ክዳን ነገ ይገባል» አላት ባቢከር እጁን እያወናጨፈ። «አሁን ብታጠፋው ልጄ በምን ይሄዳል?»

የአምፕሊፋየሩ ሆድ እንደ ተከፈተ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በውስጡ ያልፋል፤ ልጆች ዙሪያውን ይራወጣሉ። ጀርባዋን ለአምፕሊፋየሩ ሰጥታ እጆቿን ዘረጋች። የሚጠጋውን ሁሉ በክርኗ እየመለሰች፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ሙሽራዋ ከግቢው እስክትወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።